የአሜሪካ ሕዝብ "እንዲህ ያምናል" ሲባል ማን ተጠይቆ ነው?

ከአሌክሳንድሪያ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት። የአሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር እዚህ ሁለት ዓይነት ሰው ይበዛል። አንዱ ጠዋት የወጣውን ፖል (የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ጥናት) ይለጥፍና "በቃ፣ አለቀ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ፖል ሁሉ ውሸት ነው፣ 2016ን ረሳችሁት?" ብሎ ይመጣል። ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ክሩ ይዘጋል። እኔ ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱት ይመስለኛል።

ማን ያሸንፋል የሚለው ፖል ቢሳሳት መሳሳቱ ይታወቃል። ድምፅ ይቆጠራል፣ ስንት ነጥብ እንደሳተ በአደባባይ ይወጣል፣ ባለሙያዎቹም አፍረው ለቀጣዩ ያስተካክላሉ። "አሜሪካውያን ወግ አጥባቂ ናቸው"፣ "አሜሪካውያን ስደተኛ ሰልችቷቸዋል" የሚለው ቁጥር ግን ቆጠራ የሚባል ነገር የለውም። ቢሳሳት የሚጋለጥበት ቀን የለም። እኛ ደግሞ ሳንጠራጠር የምንውጠው ይሄኛውን ነው።

ምሳሌ። ጋሉፕ የሚባለው የጥናት ድርጅት በየዓመቱ ሰዉን በፖለቲካ ራስህን ምን ትለዋለህ ብሎ ይጠይቃል። በ2024 37 በመቶው ወግ አጥባቂ፣ 34 በመቶው መካከለኛ፣ 25 በመቶው ሊበራል ነኝ አለ። በ1992 ሊበራል ነኝ ያለው 17 በመቶ ብቻ ነበር። ይሄን ያየ ሰው አገሩ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው ቢል አይፈረድበትም። አሁን ያንኑ ወግ አጥባቂ ነኝ ያለህን ሰውዬ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታው) ይቀነስ ወይ በለው። ሜዲኬርስ (የአረጋውያን የጤና መድኑ)? ለትምህርት ቤት የሚወጣውስ? "እሱንማ እንዳትነኩ" ነው የሚልህ፣ አብዛኛው። ፍሪና ካንትሪል የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄን በ1967 ነው የጻፉት፤ አሜሪካዊው በስሙ ወግ አጥባቂ፣ ከመንግሥት በሚፈልገው ነገር ግን ሊበራል ነው ብለው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም።

ታዲያ ያ 37 በመቶ የሚለካው ምኑን ነው? የምታውቁ ጻፉ። ስድብ ያለው ሌላ ክር ይክፈት።

የቬጋሱ ሹፌር

ወንድሜ ጥሩ ብለሃል፣ እኔ ግን ከመሠረቱ የማይገባኝ ነገር አለ። ሺህ ሰው ጠይቀው ስለ 340 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያወራሉ። እኔ እዚህ አገር ጎልማሳነቴን ጨረስኩ፣ አንድም ሰው ደውሎ "ምን ታስባለህ" ብሎኝ አያውቅም። የማውቀው ሐበሻ ሁሉ አልተጠየቀም። ታዲያ እነማንን ነው የሚጠይቁት? በአንድ ሌሊት መኪናዬ ውስጥ የምሰማው ይሻላል እላለሁ። ደግሞ ሰካራም አይዋሽም።

ቆጣሪው

@የቬጋሱ ሹፌር አንተ መኪና ውስጥ የሚገባው ሰው ቬጋስ መጥቶ የጠጣ ሰው ነው፣ ችግሩ እሱ ነው :)

ወጥ ጨው እንዳነሰው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትበላም። የሠርግ ድስትም ይሁን የቤት፣ አንድ ማንኪያ ይበቃል፣ በደንብ ከተማሰለ። ፖልም እንደዚያ ነው። ሺህ ሰው በእውነተኛ ዕጣ ከወጣ ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ገደማ ነው፣ የሕዝቡ ብዛት ለውጥ አያመጣም። አንተ ያልተጠየቅከው ደግሞ ከ260 ሚሊዮን ገደማ አዋቂ ሺህ ሲመረጥ ዕጣህ ከ260 ሺህ አንድ ስለሆነ ነው። ተንኮል የለበትም።

የብዛት ነገር ቢሆን ኖሮ 1936 ላይ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባለው መጽሔት ባልተዋረደ። 10 ሚሊዮን ገደማ ወረቀት በፖስታ ላኩ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰላቸው። እስቲ አስቡት፣ ዛሬ እንኳ ያን ያህል ሰው የሚጠይቅ የለም። ለፕሬዚዳንትነት ከሩዝቬልት ጋር የሚወዳደረው ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል አሉ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ ከ48ቱ ስቴቶች 46ቱን ወሰደ። ለላንደን የቀሩት ሜይንና ቨርሞንት ናቸው። አድራሻውን የሰበሰቡት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ ገምቱ። በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ ለመመለስ የቸኮለው ሩዝቬልት ላይ የተናደደው ሰው ነበር። ጋሉፕ 50 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ አሸናፊውን አወቀ። መጽሔቱ በ1938 ከሰመ።

ጋሉፕም ብዙ ሳይቆይ ዋጋውን አገኘ። በ1948 ዱዊ ያሸንፋል ብሎ ትሩማን አሸነፈ። ያኔ ጠያቂዎቹ "ይሄን ያህል ወንድ፣ ይሄን ያህል ሴት፣ ይሄን ያህል ሀብታም" የሚል ኮታ ይዘው የሚጠይቁትን ሰው ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ ደግሞ ምርጫው ሳይደርስ መጠየቅ አቆሙ፣ አልቋል ብለው።

ጢሞ

እሺ አያቶቻችንን ጨረስን። 2016ስ? 2020ስ? 2024ስ? "ሳይንስ ነው" ስትሉ ደስ ይላችኋል። አዮዋ ላይ ያቺ ንግሥት የተባለችው ምን አለች?

ቆጣሪው

@ጢሞ ተገቢ ጥያቄ ነው።

2016፦ አገር አቀፉ ፖል ሂላሪ ክሊንተንን በ3 ነጥብ ገደማ አስቀደመ፣ እሷም በጠቅላላ ድምፅ በ2 ነጥብ ቀደመች። ያ ጥሩ ነው። የወደቀው የስቴት ፖል ነው፣ ፕሬዚዳንቱ የሚለየው ደግሞ በየስቴቱ ውጤት ነው። ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቬኒያ ተደምረው ከ80 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው ለትራምፕ የሄዱት። ብዙዎቹ የስቴት ፖሎች የመላሾቻቸውን ስብጥር በትምህርት ደረጃ ከሕዝቡ ጋር አላስተካከሉም ነበር። ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ስልክ ላይ ይገኛል፣ ይመልሳል፤ ያልጨረሰው ይዘጋል። ያን ዓመት ደግሞ ትምህርት ድምፅን ቁልጭ አድርጎ ከፈለው።

2020፦ ይሄኛው ይብሳል። የሙያ ማኅበራቸው ራሱ መርምሮ በ40 ዓመት ውስጥ ትልቁ ስህተት ነው አለ። በትምህርት አስተካክለው እንኳ ባይደንን አጋነኑት። ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ሚዲያም ዩኒቨርሲቲም መንግሥትም የማያምነው ሰው ስልኩንም አያነሳም የሚለውን ነው። ያን ሰው በዕድሜ፣ በዘር፣ በትምህርት ብታስተካክለው አይመጣም።

2024፦ አዮዋ ላይ አን ሴልዘር ሃሪስን በ3 ነጥብ አስቀደመች። ትራምፕ በ13 ነጥብ ገደማ አሸነፈ። ሴልዘር በ2016ም በ2020ም ሌላው ሲስት እሷ አዮዋን ያወቀች ናት፣ ስለዚህ ሁሉም ቁጥሯን እንደ ትንቢት ነበር የተቀበለው። ከምርጫው በኋላ ከዚህ ሥራ ወጣች። ከእሷ የምወስደው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ቁጥር አግኝታ አልደበቀችውም። ሌሎቹ ውስጥ የተለየ ሲያገኙ መሳቢያ ውስጥ የሚከቱ እንዳሉ እጠረጥራለሁ።

ሰብለ ዘዲሲ

እኔ ከሌላኛው ወገን ላውራችሁ። አንድ የስልክ ጥናት ድርጅት ውስጥ ጠያቂ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ስሙ ይቅር።

ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ፣ ፊትሽ ላይ ስክሪን። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ቃል በቃል ታነቢያለሽ። አንድ ቃል መጨመርም መቀነስም የለም፣ ተቆጣጣሪ ሳታውቂው መሃል ገብቶ ያዳምጣል። ወደ መጨረሻ ያ ከአሌክሳንድሪያ ያነሳው ጥያቄ ይመጣል፦ በጥቅሉ አመለካከትዎን በጣም ወግ አጥባቂ፣ ወግ አጥባቂ፣ መካከለኛ፣ ሊበራል፣ ወይስ በጣም ሊበራል ይሉታል? ብዙ ሰው "በምን በኩል? በገንዘብ ነው በሃይማኖት?" ይለኛል። እኔ የተፈቀደልኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፦ "እርስዎ በተረዱት መንገድ"። ዝም ይላል። ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል፣ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ "በቃ መካከለኛ በይው" ይላል። እኔም ተጫንኩት፣ ቀጣይ ጥያቄ። እነዚያን 34 በመቶ መካከለኞች ባየሁ ቁጥር ስንቱ እንደዚህ ገባ እላለሁ።

ሌላው ደግሞ ስልክ ማንሳቱ ራሱ። ቀኑን ሙሉ ተደውሎ አንሥቶ እስከ መጨረሻ የሚያወራሽ ጥቂት ነው። ፒው የሚባለው የጥናት ድርጅት ስለራሱ የስልክ ጥናት አውጥቶ ነበር፣ በ1997 ከተደወለላቸው 36 በመቶው ይመልስ ነበር፣ በ2018 6 በመቶ ደረሰ። እነሱም አሁን ስልኩን በአብዛኛው ትተው፣ በፖስታ አድራሻ ዕጣ አውጥተው የመለመሉትን ቋሚ ቡድን በኢንተርኔት ነው የሚጠይቁት።

አንድ ማታ ሜሪላንድ ቁጥር ደወልኩ፣ አንዲት እናት አነሱ። "ሄሎ" ሲሉ ነው ያወቅኳቸው። በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመርኩ። ከኋላ ሰው "ማናት?" ሲል "እንጃ፣ ፈረንጅ ናት መሰለኝ፣ ምን እንደምትል እንጃ" አሉት። ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን በአማርኛ መጠየቅ አልችልም። ቅጹ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው ያለው፣ በራሴ ብተረጉመው ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ይሆናል፣ ከሥራም እባረራለሁ። "የቋንቋ ችግር" የሚለውን ተጭኜ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አለፍኩ። እሳቸው ዜጋ ይሆናሉ፣ ድምፅ ይሰጡ ይሆናል፣ "የአሜሪካ ሕዝብ እንዲህ ያስባል" በሚለው ውስጥ ግን የሉም።

ከአሌክሳንድሪያ

ሰብለ እግዜር ይስጥሽ፣ ይሄ ነው የፈለግኩት።

መምህር ነበርኩ

ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ያረጀ ክርክር ነው። በ1964 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ኮንቨርስ አንድ ጽሑፍ አወጣ፣ የዘርፉን ሰው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ተራው ሰው ስለ ፓርቲዎች ሲናገር ሊበራልና ወግ አጥባቂ የሚለውን አስተሳሰብ ይዞ የሚያስብ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር። አብዛኛው "እነሱ ለሠራተኛው ያስባሉ"፣ "በእነዚያ ጊዜ ኑሮ ጥሩ ነበር" ነው የሚለው። ከዚያም በላይ፣ በ1956፣ በ1958 እና በ1960 ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁት የብዙው ሰው መልስ ያለ ምክንያት ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ኮንቨርስ ያለው እንግዲህ ብዙው ሰው አቋም ሳይኖረው ነው የሚመልሰው፣ ጠያቂው ፊቱ ስለቆመ አላውቅም ማለት ስለሚከብደው ነው።

ሲንሲናቲ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሆን ብለው የሌለ ሕግ ፈጠሩ። የ1975ቱ የሕዝብ ጉዳዮች ሕግ ይሻር ወይስ አይሻር ብለው ጠየቁ። እንደዚህ ያለ ሕግ የለም። ሲሶው ያህል ሰው ይሻር፣ አይሻር ብሎ መልስ ሰጠ። በ1995 ዋሽንግተን ፖስት ደገመው፣ አሁን ግን ለግማሹ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ይሻር ይላል፣ ለግማሹ ሪፐብሊካኖች ይሻር ይላሉ ብለው። ሰዉ ያላየውን ሕግ በየፓርቲው ተከፍሎ ተከራከረበት።

ሕዝቡ ደደብ ነው ማለቴ አይደለም። እንጀራውን ሲያሳድድ የሚውል ሰው በየሕጉ ላይ አቋም ይኑረው ብሎ የሚጠብቀው ነው የተሳሳተው።

ጢሞ

ጋሼ ይሄ የሌለ ሕግ ነገር እኛም ጋ ቢጠየቅ መቶ በመቶ መልስ ይገኝ ነበር። ሁለት ኮሚቴም ይቋቋምበታል።

ከአሌክሳንድሪያ

መምህር ከጻፉት ላይ ልቀጥል። አቋም ያለው ሰው እንኳ ጥያቄው በተጻፈበት መንገድ ይገለባበጣል። ከ1972 ጀምሮ በቺካጎ የሚሠራ ትልቅ ጥናት አለ፣ ግማሹን ሰው "ለዌልፌር የሚወጣው ገንዘብ ይበዛል ወይስ ያንሳል?" ግማሹን ደግሞ "ለድሆች እርዳታ የሚወጣውስ?" ብሎ ይጠይቃል። ለድሆች ሲባል አብዛኛው "ያንሳል፣ ጨምሩ" ይላል። ዌልፌር ሲባል ያ አብዛኛው የት እንደገባ አይታወቅም። ሁለቱም መንግሥት ለችግረኛ የሚያወጣው ያው ገንዘብ ነው።

በ2013 ሲኤንቢሲ የሚባለው ጣቢያ በኦባማ የጤና መድን ሕግ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠራ። ኦባማኬር ሲሉ 46 በመቶ ተቃወመ፣ በሕግ ስሙ ሲጠሩት 37 በመቶ። ደጋፊውም በኦባማ ስም ሲጠራ ይበዛል፣ ያው ስሙ ነው ሰዉን የሚያነሳሳው። ስለዚህ አንድ የፖለቲካ ጣቢያ "ሕዝቡ ይሄን ሕግ ይቃወማል" ሲላችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ጥያቄውን ፈልጉ። ጥያቄውን ካላተመ ዝጉት። እኔ ይሄን ብቻ ነው የማደርገው፣ ብዙ ጊዜ አትርፎልኛል።

ሪያድ ነኝ

ይቅርታ ከሩቅ ሆኜ ነው የማነበው፣ ምናልባት የሞኝ ጥያቄ ይሆናል። ሪፐብሊካን ነኝ ዴሞክራት ነኝ ማለት አባል መሆን ነው? መዋጮ ይከፈላል? መታወቂያ አለው? ደግሞ አቋም ከሌላቸው ለምን እንደዚህ ይጠላላሉ?

ቆጣሪው

@ሪያድ ነኝ የሞኝ ጥያቄ አይደለም እህቴ፣ እዚህ ተወልዶ ያደገውም አያውቀውም። መዋጮ የለም፣ መታወቂያ የለም። በአንዳንድ ስቴት ለመራጭነት ስትመዘገቢ ፓርቲ ትመርጫለሽ፣ እሱም በዋናነት ለቅድመ ምርጫ (የፓርቲው ዕጩ ለሚመረጥበት) ነው። ቨርጂኒያ ላይ ጭራሽ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ፖል ላይ "ሪፐብሊካን" የሚለው ሰውየው ስልክ ላይ ስለራሱ የተናገረው ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

እንዲያውም ብዙው ኢንዲፔንደንት (ፓርቲ የለኝም) ነኝ ነው የሚለው። በ2024 ጋሉፕ ላይ 43 በመቶ። ጋዜጠኛው ይሄን ያይና "መሃሉ ሰፋ" ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ "ወደየትኛው ታዘነብላለህ?" ሲባሉ አብዛኞቹ አንዱን ይላሉ፣ የምርጫው ቀንም እንደ ፓርቲው ሰው ነው የሚመርጡት። የእውነት መሃል ያለው ከመቶ አሥር ቢሆን ነው። ሌላው በፓርቲ ስም መጠራት ያፈረ ነው።

የጥላቻው ነገር፦ ለመጣላት የፖሊሲ አቋም አያስፈልግም፣ ወገን ይበቃል። ፒው በ2022 ሲጠይቅ 72 በመቶው ሪፐብሊካን ዴሞክራቶች ከሌላው አሜሪካዊ ይልቅ ምግባር የጎደላቸው ናቸው አለ፣ 63 በመቶው ዴሞክራትም ስለ ሪፐብሊካኖች እንደዚያው። በ2016 ቁጥሮቹ 47 እና 35 ነበሩ። ኢኮኖሚውንም ተመልከቺ። ፕሬዚዳንት በተቀየረ ማግስት፣ የዳቦ ዋጋ ሳይነቃነቅ፣ ትናንት "ኑሮው ገደለን" ይል የነበረው ወገን "እየተሻለ ነው" ይላል፣ ሌላኛው ደግሞ ማልቀስ ይጀምራል። በ2016ም፣ በ2020ም፣ በ2024ም የሆነው ይሄው ነው።

ፌርፋክስ

ስለ ቨርጂኒያ ካነሳችሁ አይቀር። በ2021 ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን የቨርጂኒያ ገዥ ያደረግነው እኛ ነን። በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተናደደ ሐበሻ ሁሉ ወጥቶ ሪፐብሊካን መረጠ። ምርጫው የተደረገው ኅዳር 2 ቀን በፈረንጅ ነው፣ በዚያው ቀን ነው ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ) እንደሚያግድ ያሳወቀው። ምን ፖል ያስፈልገዋል? ውጤቱ ይናገራል።

ቆጣሪው

@ፌርፋክስ ቅስቀሳው ነበር፣ ማንም አይክደውም። ሰልፉም፣ ለያንግኪን ድጋፍ መስጠቱም በሚዲያ ወጥቷል። ግን "እኛ ነን የገለበጥነው" የሚለውን በምን ታውቀዋለህ? ያንግኪን ያሸነፈው በ63 ሺህ ገደማ ድምፅ ነው፣ ከ3.3 ሚሊዮን ውስጥ። ያን ለመሸፈን ስንት ዜጋ የሆነ፣ የተመዘገበ፣ የወጣ፣ ከዚያም ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን የዞረ ኢትዮጵያዊ ያስፈልጋል? አስላው። የዞረ ሰው በሁለት ይቆጠራል ብንል እንኳ ከ31 ሺህ በላይ ነው። በዚያ ላይ ያን ዓመት የትምህርት ቤት ጭቅጭቅ ነበር፣ ባይደን በአጠቃላይ ተቀባይነቱ ወርዶ ነበር፣ ኒው ጀርሲም በዚያው ቀን ወደ ሪፐብሊካን ተንሸራትታ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ኒው ጀርሲን ማን አንሸራተታት ልትል ነው?

ፌርፋክስ

@ቆጣሪው አንተ ሁሌ ማቃለል ነው ሥራህ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ ዕድሜ ልኩን ዴሞክራት የመረጠ ሰው "በዚህስ አልመለስም" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተቃራኒውንስ በምን ታውቀዋለህ?

ቆጣሪው

አላውቀውም፣ ማንም አያውቀውም፤ የምለው እሱን ነው። በአገር አቀፍ ፖል ሺህ ሰው ውስጥ እኛ 300 ሺህ ነን ብንል እንኳ የሚደርሰን አንድ ሰው ነው። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ በሚጠየቁትም "ጥቁር" ተብለን ነው የምንገባው። አንድ ሰው ላይ ተመሥርቶ ስለ ማኅበረሰብ ማውራት ምን እንደሚያደርግ በ2016 ታይቷል። የሎስ አንጀለስ ታይምስና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፖል ውስጥ ኢሊኖይ የሚኖር የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት ነበር። የእሱ ዓይነት ሰው ናሙናው ውስጥ ስላነሰ ከአማካዩ ተጠያቂ 30 እጥፍ ድረስ ክብደት ሰጡት። ልጁ ደግሞ የትራምፕ ደጋፊ። እሱ ሲገባ ትራምፕ በጥቁሮች ዘንድ ሁለት አሃዝ ይደርሳል፣ እሱ ሳይመልስ ሲቀር ይወርዳል። አንድ ልጅ አገር ሙሉ ፖል ያወዛውዝ ነበር።

የሚገርመው ያ ፖል ትራምፕ በጠቅላላ ድምፅ በ3 ነጥብ ይመራል ብሎ ጨረሰ። ትራምፕ በጠቅላላ ድምፅ በ2 ነጥብ ተሸንፎ ፕሬዚዳንት ሲሆን ግን "ትክክል የነበረው እሱ ብቻ ነው" ተብሎ ተጨበጨበለት።

ሰብለ ዘዲሲ

ስለ ክብደት ካነሳችሁ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት የሠራው አለ፣ እኛ ቢሮ ሁሉም እየተቀባበለ ያነበበው። 867 የፍሎሪዳ መራጮችን ጠየቁ፣ ያንኑ ጥሬ መልስ ለሌሎች አራት ባለሙያ ቡድኖች ሰጡ። የራሳቸው ሲጨመር አምስት ውጤት ወጣ፣ ከክሊንተን 4 ነጥብ መምራት እስከ ትራምፕ 1 ነጥብ መምራት። ሰዎቹ አንድ፣ መልሶቹ አንድ። ልዩነቱ ማን ይመርጣል፣ ለማን ስንት ክብደት ይሰጥ የሚለው ውሳኔ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ከ3 ነጥቡ ስህተት ውጭ ነው፣ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።

@ፌርፋክስ ለእኛ ነገር መፍትሔው ቁጥሩ ውስጥ መግባት ነው። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ "ጥቁር" ከሚለው ሥር የመጣችሁበትን ጻፉ ሲል "ኢትዮጵያዊ" የሚለው በምሳሌነት ታትሞ ነበር። ስንቱ ሞላው? ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ ስላላት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያገለግላሉ። የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ ግን በቋንቋ እርዳታ የሚያውቀው ስፓኒሽን፣ የእስያንና የአገሬውን ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። አማርኛ የለበትም፣ ብንበዛም አይገባም፣ ሕጉ ካልተቀየረ በቀር።

የቬጋሱ ሹፌር

እሺ ሁሉንም አነበብኩ። ታዲያ ስለ ስደተኛ የሚባለውስ? አንድ ጊዜ ጠልተውናል፣ አንድ ጊዜ ወደውናል። እኛን የሚነካን ይሄኛው ነው።

ከአሌክሳንድሪያ

@የቬጋሱ ሹፌር ጋሉፕ በ2024 ክረምት ሲጠይቅ 55 በመቶው ኢሚግሬሽን ይቀነስ አለ። ከ2005 ወዲህ ከግማሽ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነው። በዓመቱ በ2025 ሲጠየቅ 30 በመቶ ወረደ፣ 79 በመቶው ደግሞ ኢሚግሬሽን ለአገር ጥሩ ነው አለ፣ ከዚያ በፊት ያን ያህል ደርሶ አያውቅም። በአንድ ዓመት ሕዝቡ ነፍሱን ቀየረ? አልመሰለኝም። ጥያቄው "ይቀነስ ወይስ ይጨመር" ነው፣ ማለትም አሁን ካለው አንፃር ነው። በባይደን ጊዜ ድንበሩ ሲጨናነቅ "ቀንሱ" አለ፣ ትራምፕ መጥቶ ሰው ከየሥራ ቦታው ሲታፈስ ሲያይ "ይሄን ያህልማ አላልንም" አለ። ሥልጣን ላይ ያለው ወደ አንድ ወገን ሲጎትት ሕዝቡ ወደ ሌላው ማዘንበሉ በብዙ ጉዳይ ላይ ደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ "ጠሉን" ወይም "ወደዱን" ከማለትህ በፊት በዚያ ወር ዋይት ሀውስ ያለው ማን ነው በል።

መምህር ነበርኩ

አንድ ልጨምር። ቆጠራ የለውም ያልከው አንዳንዴ አለው። ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ። በ2016 ሜይን ላይ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ሁሉ የገዢው ታሪክ እንዲጣራ የሚል ቀረበ። አገር አቀፍ ፖል ላይ ይሄን ከአሥር ስምንት ሰው በላይ ይደግፈዋል። ሜይን ላይ ወደቀ፣ 52 ለ48። ኔቫዳ ላይ በዚያው ቀን ተመሳሳዩ ለጥቂት ነው ያለፈው። በ2022 ካንሳስ ደግሞ፣ ሪፐብሊካን የምትባለዋ፣ ከሕገ መንግሥቷ የፅንስ ማቋረጥን መብት እንውሰድ ሲባል 59 ለ41 እምቢ አለች። ወግ አጥባቂ ነኝ ከሚለው ሰው ውስጥ ስንቱ እምቢ እንዳለ አስቡት።

የቬጋሱ ሹፌር

ጋሼ የኔቫዳውን እኔም መርጬበታለሁ፣ ምን እንደሆነ ሳላነብ :)

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ትናንት በቴክስት "የፖለቲካ ጥናት ነው፣ ሊንኩን ንካ" የሚል መጣልኝ። የመጀመሪያዬ ነው። ልንካው? ከላይ የጻፍኩትን አንብበው ነው እንዴ?

ሰብለ ዘዲሲ

@የቬጋሱ ሹፌር መጀመሪያ ማን እንደላከው እይ። የጥናቱ ድርጅት ስም ከሌለው ተወው። ካለው ደግሞ ሊንኩን ትተህ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስህ ፈልገህ ግባና ጥናቱ እውነት የእነሱ መሆኑን አጣራ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ካርድ ወይም መዋጮ ከጠየቀህ ጥናት አይደለም። "እገሌ የተባለው ዕጩ ሌባ መሆኑን ቢያውቁ ይመርጡታል?" ካለህም ቅስቀሳ ነው፣ ዝጋው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ መልስለት። መካከለኛ የሚለውን ግን ስለሰለቸህ ብቻ እንዳትጫን።